ልብ ያለበት ጎን

ከዚያ ሐሙስ በፊት ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። እንዴት እንደነበር በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል፤ በኋላ የተናጋው ሁሉ እዚሁ ዝርዝር ውስጥ አለና።

ክፍሉ ከአናጺው ሱቅ በላይ ነው። ርዝመቱ ዘጠኝ ሜትር፣ ወርዱ አምስት ሜትር ተኩል። ወለሉ ጣውላ ስለሆነ አናጺው ከታች እንጨት ሲልግ ሽታው በስንጥቁ ይወጣል። በየቀኑ አሥራ አንድ ምንጣፍ በሁለት ረድፍ ይዘረጋል። አስተማሪዋ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ስትሆን ዮጋ ታስተምራለች። እናቷ እስከ ዛሬ «ላስቲክ» ነው የምትላት፤ ሕፃን ሳለች የገዛ እግሯን ጣት አፏ ውስጥ እየከተተች አልላቀቅ ስላለች የወጣላት ስም ነው።

ማለዳ፣ ተማሪዎቹ ከመምጣታቸው አንድ ሰዓት ቀድሞ፣ መሐንዲሱ ይመጣል። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ከግንባታ መወጣጫ ላይ ወድቆ ቀኝ ጉልበቱን ተጎድቶ ነበር፤ ሐኪሙ እንቅስቃሴ አዘዘለት። በመጀመሪያው ቀን ደረጃውን በዱላ እየተደገፈ ወጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ፎቅ ላይ የሽባ ትምህርት ቤት የከፈተ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?» አላት። እሷም ሳትስቅ፣ «ዛሬ የወጣኸው የመጀመሪያው ትምህርት ነው» አለችው። የሳቀችው ከሄደ በኋላ ነው።

የመሐንዲሱ እናትና ታላቅ እህቱ አደባባዩ ጥግ ያለው ትልቁ ሆቴል ባለቤቶች ናቸው። የአስተማሪዋ እናት በዚያው ሆቴል ምድር ቤት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ አጥባለች፣ ተኩሳለች። እሱ ይህን ያውቃል፤ እናቷም የእሱን ማለዳ ማለዳ መምጣት ታውቃለች። ቤተሰቦቹ ግን ስለ እሷ ምንም አያውቁም። «ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ» ይላል ሁልጊዜ።

ሁለቱ ማለዳ ማለዳ የሚሠሩት «የፀሐይ ሰላምታ» የሚባለውን ነው፤ እየተያያዙ የሚሄዱ አሥራ ሁለት አቋቋሞች ናቸው። እሱ የማይገባውን ነገር የማይሠራ ሰው ነውና ገና በሁለተኛው ሳምንት «ይሄ ሁሉ መጎንበስና መነሣት ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃት። እሷ በአፍ ብዙም አይሆንላትም። ስለዚህ ጻፈችለት፤ ለእያንዳንዱ አቋቋም አንድ ደብዳቤ።

«በመጀመሪያው» ይላል አንደኛው ደብዳቤ «መዳፍ ከመዳፍ ገጥሞ ደረት ላይ ያርፋል። የጥንት ሕንዶች ፀሐይ አሥራ ሁለት ስም አላት ይላሉ፤ ለእያንዳንዱ አቋቋም አንድ። የመጀመሪያው ስሟ 'የሁሉም ወዳጅ' ነው። ሰላምታው ደጅ ላለችው ፀሐይ ብቻ አይደለም፤ ደረትህ ውስጥም አንዲት አለች። እጅህን እዚያ የምታደርገው ለእሷ ነው።»

ሦስተኛው እንዲህ ነበር፦ «ይህ ማጎንበስ ነው። መጽሐፉ 'ትዕቢትን ማውረድ' ይለዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ የምትታየኝ እናቴ ናት፤ እርጥብ አንሶላ ከገንዳ ስታነሣ። እሷ የምታወርደው ትዕቢት የላትም። የምታጎነብሰው ለመነሣት ነው።»

ስድስተኛው አቋቋም ላይ ሰውነት በስምንት ነጥብ ወለል ይነካል፦ ሁለት እግር፣ ሁለት ጉልበት፣ ሁለት እጅ፣ ደረትና አገጭ። የፀሐይ ስሟ እዚህ ላይ «መጋቢ» ነው። «ልብህ መሬት የሚነካበት ብቸኛ ቦታ ነው» ብላ ጻፈችለት። «ልቡን መሬት ላይ ያላስቀመጠ ሰው አይመገብም ማለት ይመስለኛል።»

ከሁሉም የሚለየው አራተኛው ነው። አራተኛው ላይ አንዱ እግር ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሌላው ታጥፎ ከፊት ይቀራል። እንደ ደንቡ እግሮቹ ይፈራረቃሉ፤ ሁለቱም ጎን ድርሻውን እንዲያገኝ። የመሐንዲሱ ቀኝ ጉልበት ግን ከፊት ታጥፎ ክብደት መሸከም አልቻለም፤ ሲሞክር ፊቱ አመድ ይመስላል፣ ከሕመሙ ይልቅ ኀፍረቱ ይብሳል። ስለዚህ ጻፈችለት፦ «አንተ ሁልጊዜ ቀኙን ወደ ኋላ ላክ፣ ግራው ከፊት ይቅር። ግራ ልብ ያለበት ጎን ነው። ልብ ያለበት ጎን ወደ ኋላ አይሄድም።»

ይህ የልብ ነገር በየትኛውም መጽሐፍ የለም። እሱ እንዳያፍር ስትል የፈጠረችው ነው። ብቻውን እንዳይሆንም እሷ ራሷ ጎኑ ሆና አሥራ አራት ወር ሙሉ ቀኟን ብቻ ወደ ኋላ ስትልክ ኖረች። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቿን የምታስተምረው በምንጣፎቹ መካከል እየተዘዋወረች ነው፤ የራሷ ሰውነት የሚሠራው በዚያች በማለዳዋ ሰዓት ብቻ ነበር።

አሥራ አንድ ደብዳቤ ደረሰው። አሥራ ሁለተኛው አቋቋም ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው፤ መዳፍ እንደገና ከመዳፍ ይገጥማል። ከሦስት ሳምንት በፊት «ታገቢኛለሽ?» ሲላት «መልሱ አሥራ ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ ነው» አለችው። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ጻፈችው። «አሥራ ሁለተኛው የመጀመሪያው ነው፤ ልዩነቱ በመካከሉ መንገድ መኖሩ ብቻ። ስሟ 'ወደ ብርሃን የምትመራ' ነው። እሺ።» አጠፈችው፣ ፖስታ ውስጥ አደረገችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሐሙስ ማለዳ እሱ ሥራ ቦታ ስለሚሆን ዓርብ ማለዳ ልትሰጠው ነው። ያን ምሽት እንደ እሷ ልቡ ቀለል ያለው ሰው በከተማው ውስጥ አልነበረም።

*

ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እናቷ ሽርጧን ሳትፈታ ደረጃውን እያለከለከች ወጣች።

«እማዬ! በሥራ ሰዓት? ምን ሆንሽ?»

«ውሃ ስጪኝ መጀመሪያ።» ጠጣች። ብርጭቆውን አልመለሰችም። «እኔን ግድግዳ ላይ ሰቅለውኛል።»

«ማን ነው የሰቀለሽ?»

«ላይኛው ፎቅ ላይ፣ ለእንግዶች ዮጋ ብለው የሠሩት አዲሱ አዳራሽ። ፎጣ አድርሺ ብለውኝ ወጣሁ። ፍሬም በፍሬም ነው፤ ጽሑፍ በመስታወት ውስጥ። እንደምታውቂኝ ቶሎ አላነብም፤ ግን 'አንሶላ' የሚለውን ቃል በጨለማም አውቀዋለሁ። ቆሜ አነበብኩት። እርጥብ አንሶላ ከገንዳ የምታነሣ እናት ይላል።»

አስተማሪዋ የያዘችውን ምንጣፍ መጠቅለል ጀመረች። «እናት ሁሉ ታጎነብሳለች እማዬ። አንሶላም ሁሉም ቤት አለ።»

«'የምታወርደው ትዕቢት የላትም' ይላል።» እናትየው ብርጭቆውን በሽርጧ ጫፍ ወለወለችው። «እሱን ሳነብ ልጄ ናት የጻፈችው አልኩ። ትዕቢትማ አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላየሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«አንቺ... ስንት ነበሩ ፍሬሞቹ?»

«አልቆጠርኩም። ምነው ላስቲክ? ፊትሽ ምን ሆነ?»

ምንጣፉን ጠቅልላ ጨርሳ ነበር። ፈታችው፣ እንደገና ጠቀለለችው። ደብዳቤዎቹን ያየ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። የሆነ ቀላል ምክንያት ይኖራል አለች ለራሷ፤ ምክንያቱን ግን ልታስበው ስትሞክር አእምሮዋ ያለ ወትሮው ባዶ ሆነባት።

*

በሆቴሉ ላይኛው ፎቅ ሊፍቱ ተከፍቶ ስትወጣ አዲስ ቀለም ሸተታት። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ በሦስት በኩል መስታወት፣ በአራተኛው ግድግዳ። ከግድግዳው ፊት ቁመተ ረጅም፣ ፀጉሯን በንጽሕና ያሰረች ሴት ሜትር ይዛ የፍሬሞቹን ርቀት ትለካለች። የመሐንዲሱ ታላቅ እህት መሆኗን አገጯን አይታ አወቀች።

«ጫማሽን አውልቂ፣ ወለሉ አዲስ ነው» አለች እህትየው ዞር ሳትል። «የፎጣዋ ሴትዮ ልጅ ነሽ አይደል? በረኛው ደውሎልኛል። ነይ፣ ይቺን ጫፍ ያዥልኝ።»

አስተማሪዋ ጫማዋን አወለቀች፣ የሜትሩን ጫፍ ያዘች። አንደኛው ፍሬም ዓይኗ ፊት ነበር። «ደረትህ ውስጥም አንዲት አለች።» የእሷ ቃል፣ በሚያምር የማተሚያ ፊደል። «ደረትህ» የሚለው «ደረትዎ» ሆኗል፤ ለእንግዶች ነው። ከዚያ በቀር አንድ ነጥብ አልተነካም።

«ማን ነው የጻፈው?» ብላ ጠየቀች። ድምፅዋ ደህና ወጣ።

«ወንድሜ ነው የሰበሰበልኝ። አንድ ሽማግሌ መምህር አሉ፣ ዓመት ሙሉ እቤታቸው ሲመላለስ ከአፋቸው እየጻፈ አመጣው። ጥንታዊ ምስጢር ነው ይላል። ሰውዬው ስማቸው እንዲነሣ አይፈልጉም አለኝ። ትንሽ ወደ ላይ አድርጊው። እንደሱ።»

«ሽማግሌው... ደህና ናቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ለምን ጠየቅሽ?» እህትየው አሁን ዞር ብላ አየቻትና መልሱን ሳትጠብቅ ወደ አራተኛው ፍሬም ተሻገረች። «ይኼን አንብቢልኝማ። እናቴ አንብባው አለቀሰች። እናቴ እንኳን ለጽሑፍ ለቀብርም አታለቅስም። 'ልብ ያለበት ጎን ወደ ኋላ አይሄድም'። ፎጣ ላይ ልናስጠልፈው ነው።»

ፎጣዎቹን የሚያጥበው ማን እንደሆነ አስተማሪዋ ወዲያው አሰበችው።

«እሱ ለሁሉም ሰው አይሆንም» አለች። «እርስዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንግዶችዎ ሁልጊዜ አንዱን እግር ብቻ ወደ ኋላ ከላኩ በጥቂት ወር ዳሌያቸው ይዛባል። እግር መፈራረቅ አለበት። ያ ለአንድ ጉልበት የተጻፈ ነው።»

«ለአንድ ጉልበት?» እህትየው ፈገግ አለች። «ልጄ፣ አንቺ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

አስተማሪዋ ፍሬሞቹን መቁጠር ጀመረች። ዓይኗ በግድግዳው ላይ እየሄደ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እናቷ፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። አሥር። አሥራ አንድ። ከአሥራ አንደኛው ቀጥሎ፣ በእኩል ርቀት፣ አንድ ፍሬም ተሰቅሏል፤ መስታወቱ ተወልውሏል፣ ውስጡ ነጭ ወረቀት ብቻ።

«ይሄኛውስ?»

«አሥራ ሁለተኛው። እሱ ብቻ ነው የቀረን። ወንድሜ በዚህ ሳምንት ይደርሳል ብሎኛል፤ ምረቃው ሰኞ ነው።» እህትየው ሜትሩን ጠቀለለች። «ትናንትም ጠይቄው ነበር፤ 'አትጨነቂ፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ይመጣል' አለኝ።»

አስተማሪዋ ቦርሳዋን ወደ ሆዷ አስጠጋችው። ወረቀቱ እዚያ ውስጥ ነበር። የሚጠብቀው መልሷን መስሏት ነበር፤ ለካ ለፍሬሙ የሚሆን ጽሑፍም ይጠብቅ ነበር።

*

የሊፍቱ በር ሲከፈት ሁለቱም ዞሩ። መሐንዲሱ ጥቅል ወረቀት በብብቱ ይዞ ወጣ፣ አያት፣ ቆመ። ከእሱ እስከ እሷ ስድስት እርምጃ ይሆናል።

«አንቺ» አለ።

«ያንን ሽማግሌ ልጠይቅ መጥቼ ነበር» አለችው። «ታመዋል እንዴ? ስማቸውም እንዲነሣ አይፈልጉም አሉ።»

«እባክሽ። ውጭ እንነጋገር።»

«ውጭማ አሥራ አራት ወር ተነጋገርን።»

«ስሚኝ፣ አንድ ጊዜ ስሚኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ አዳራሹ ባዶ ስለሆነ ግን ሁሉም ይሰማል። «ካንቺ ነው ብል እናቴ አታነበውም ነበር። መጀመሪያ ይውደዱት፣ ከዚያ ማን እንደሆንሽ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው። ላንቺው ብዬ ነው።»

«ወደዱት?»

«በጣም።»

«እናትህ አልቅሰዋል አሉ።»

«አዎ።»

«እንግዲያው አሁን ንገራቸው። ይኸው እህትህ ቆመዋል። ማን እንደሆንኩ ንገራቸው።»

እህትየው ከአንዱ ወደ ሌላው አየች። የእጇን ሜትር ገና አላስቀመጠችም። «ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

አስተማሪዋ ሰው ሲዋሽ ፊቱን አታይም፤ ሙያዋ ያስተማራት እግር ማየት ነው። ክብደት ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ከማንም በፊት እግር ይናገራል። መሐንዲሱ ወደ እህቱ ዞረ።

«አዎ» አለ። «ጉልበቴን የምታሻሽልልኝ ልጅ ናት።»

ይህን ሲል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። በግራ እግሩ ነበር። ቀኝ ጉልበቱ ከፊት ታጠፈ፣ ክብደቱን ሁሉ ተሸከመ፣ አልተንቀጠቀጠም።

አየችው። እሱም እንዳየችው አየ፤ ወደ እግሩ ጎንበስ ብሎ፣ ግራውን ሊመልሰው ፈልጎ፣ መሃል ላይ ተወው።

ልትጮህ የምትችል መስሏት ነበር። ግን ጫማዋን አንሥታ ወደ ሊፍቱ ሄደች፤ የራሱን ቤት በር ከፍቶ ሌላ ሰው ሲኖርበት እንዳገኘ ሰው።

*

ምድር ቤት ያለው ልብስ ማጠቢያ ክፍል እንደ ሁልጊዜው እንፋሎት ነው። እናቷ ከማድረቂያው የወጣ አንሶላ ሁለት ጫፍ ይዛ ብቻዋን ትታገላለች። ልጇን ስታይ ምንም ሳትጠይቅ ሌሎቹን ሁለት ጫፎች ወረወረችላት።

«ያዥ።»

ያዘች። አንሶላውን ወጠሩት፣ አራገፉት፣ አጠፉት። እናትየው ወደ እሷ መጥታ ጫፉን ከእጇ ተቀበለች፣ ተመለሰች። ሁለተኛ አንሶላ። ሦስተኛ።

«ምን አለሽ?» አለች እናትየው በአራተኛው ላይ።

«'ጉልበቴን የምታሻሽልልኝ ልጅ' አለኝ።»

እናትየው አንሶላውን ወጥራ ቆመች። «ጉልበቱ ተሻለው?»

«ድኗል።»

«እንግዲያው ሥራሽን ጨርሰሻል። ሳቢው ወዲህ፣ እጥፋቱ ተጣመመ።»

አስተማሪዋ ሳበችው። ያን ጊዜ ነው ዕንባዋ የመጣው፤ እጆቿ ተይዘዋልና ልትጠርገው አልቻለችም። እናቷ አንሶላውን ይዛ እየቀረበች መጣች፤ ጫፍ ከጫፍ ሲገጥም ግን እንደሌላው ጊዜ አልተመለሰችም። በሁለቱ መካከል የተጣጠፈው አንሶላ ገና ሙቀቱን አልለቀቀም ነበር። እንደዚያው ቆዩ።

*

ቅዳሜ በበሩ ሥር ደብዳቤ ገባ። የመሐንዲሱ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ በመስመር ላይ የቆመ።

«ጥፋቴን አውቃለሁ። አንድ ቃል ብቻ ማለት ነበረብኝ፣ አልወጣልኝም። ያንቺን ቃል ሲያነቡ ማየት ደስ አለኝ፤ የእኔ እየመሰለኝ መጣ፤ ከዚያ ያንቺ ነው ማለት ከበደኝ። ለእህቴ ነግሬያታለሁ። ስምሽ ከሥር በትንሹ ሊጻፍ ይችላል ብላለች። እናቴ ገና አልሰማችም፤ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። አሥራ ሁለተኛውን ልጠብቅ?»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው እርሳስ አንሥታ «ቀስ ብዬ» በሚለው ሥር አሰመረችና ወረቀቱን ለአናጺው ሰጠችው፤ እሱ ወረቀት አይጥልም፣ ልኬት ይጽፍበታል። የራሷን ግን፣ አሥራ ሁለተኛውን፣ ልትቀደው ሞክራ እጇ አልታዘዝ አላት። «እሺ» ያለችው ከልቧ ነበርና ውሸት አይደለም። ውሸት ያልሆነን ነገር እንዴት እንደሚቀዱት አታውቅም።

የሚቀጥለው ማክሰኞ እናቷ ወሬ ይዛ መጣች። «ምረቃው አለፈ። አሥራ ሁለተኛው አሁንም ባዶ ነው፤ አንድ ሰው 'ይሄ ዝምታን ያመለክታል' ሲል ሰማሁ።»

«ሦስተኛውስ?»

«እሱን አውርጄዋለሁ።»

«እማዬ!»

«እኔ አይደለሁ እንዴ? የራሴን ብወስድ ምን አለበት? የት ሄደ ሲሉኝ 'ለእጥበት ወርዷል' አልኳቸው። እስካሁን እየጠበቁት ነው።»

አስተማሪዋ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥ ሲል እናቷ ቶሎ ብላ ውሃ ጠየቀቻት።

ማለዳ ማለዳ ምንጣፏን ብቻዋን ትዘረጋለች። ጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ፣ ከግድግዳው እስከ ምንጣፏ ዘጠና ሳንቲ ሜትር፣ አልሞላችውም። በመጀመሪያው ቀን ከአሥራ አራት ወር በኋላ ግራ እግሯን ወደ ኋላ ላከችው፤ ልብ ያለበትን ጎን። ዳሌዋ አልከፈት አለ። እግሯ ቀኙ ከሚደርስበት ቦታ ሳይደርስ ወደቀ። አፈጠጠችበት። ለእሱ ስትል የፈጠረችው ነገር በእሷ ሥጋ ውስጥ እውነት ሆኖ ተቀምጧል፦ ያ ጎን ወደ ኋላ መሄድ ረስቷል።

መለካት ፈለገች። በአቅራቢያዋ የነበረው ወረቀት የአሥራ ሁለተኛው ደብዳቤ ፖስታ ነው። ቀኟ በሚደርስበት ላይ አንዱን ጠርዝ አስቀመጠች፤ ግራዋ በወደቀበት ላይ በእርሳስ መስመር አሰመረች። ልዩነቱ የአራት ጣት ስፋት ነበር።

በየቅዳሜው አንድ መስመር ትጨምራለች። ፖስታው እስከ ዛሬ እንደታሸገ ነው። በላዩ ላይ አምስት መስመሮች አሉ፤ በአምስተኛው ላይ ግራ እግሯ ከቀኟ የሚያንሰው በአንድ ጣት ተኩል ነው።